ድምፅን ከነኤኮው ወይስ ያለ ኤኮ ስለ መቅዳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሙዚቃ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ «ኤኮ ጨምርልኝ» ማለቱ የታወቀ ነው። እኛም ኤኮ እንወዳለን። ነገር ግን በመድረክ ላይ መጨመርና በቅጂ ውስጥ ማስገባት ይለያያሉ።

አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1957 ባለ ስምንት ትራክ የቴፕ መቅጃ አሠርቶ ነበር። ዛሬ ሚክሰሩና ባለ ብዙ ትራኩ መቅጃ በአንድ ሣጥን ተዋሕደዋል። በዚህ መሣሪያ ድምፁ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ አንደኛው እንዳለ ወደ ትራኩ፣ ሁለተኛው በኤኮው አልፎ ወደ ዘፋኙ ጆሮ ማዳመጫ። ዘፋኙ ኤኮውን እየሰማ ይበረታታል፤ ተቀድቶ የሚቀረው ግን የራሱ ድምፅ ነው። ኤኮው በኋላ በልክ ይጨመራል። አብሮ የተቀዳ ኤኮ ግን፣ ወጥ ውስጥ እንደ ገባ ጨው፣ ተመልሶ አይወጣም። ጊታር ተጫዋች የኤኮውን ምት ተከትሎ የሚጫወት ከሆነ ብቻ፣ የዜማው አካል ነውና፣ እርሱም በሌላ ትራክ ይቀዳ።

ድምፃዊው አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. በከተማችን በአዳማ ሲያርፍ፣ ድምፁን ያቆየልን ቅጂ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ግን ጌራርሳ እያወቁ ድምፃቸው ያልተቀዳ አዛውንቶች አሉ። ቃላቸው በኤኮ ቢድበሰበስ ማን ይደግምልናል?

ስለዚህ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ አያቶቻችንን እንድንቀዳ ፍቀዱልን። የአዳማን ነፋስ መስኮት ዘግተን እንከለክላለን፤ ድምፃቸውንም እንዳለ እንቀዳለን።