ቀጭን ጣውላ ለምን ይጎብጣል?



በመምህርነቴ መጀመሪያ በክረምት ወራት ከዋንዛ ጣውላ አንድ የሣጥን ክዳን ሠራሁ። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነበር። ፊቱን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ውስጡን ግን ማን ያየዋል ብዬ ተውሁት። ኅዳር ሲገባ መካከሉ ወደ ላይ ጎብጦ አገኘሁት። ባልደረቦቼ «እንጨቱ አልደረቀም ነበር» ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸው ግማሽ እውነት ነው።

የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ የሕዋሳቱ ግድግዳ ውኃውን ማጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም ይኰማተራል። በቁመቱ የሚኰማተረው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኰማተረው ግን ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኰማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከግንዱ ጎን በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ጣውላ ሲደርቅ በቅርፊቱ በኩል ይጎደጉዳል። ይህ የእንጨቱ ጠባይ ነው። የእኔ ጥፋት ሌላ ነበር፤ ያልተቀባው ገጽ ፈጥኖ ደረቀ፣ የተቀባው ዘገየ። ወፍራም ጣውላ ይህን ልዩነት በግትርነቱ ይቋቋማል፤ ቀጭኑ አቅም የለውም።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። ክዳኑን በሞርሳ አቅንቼ ከጀርባው ሁለት አግዳሚዎች በኮላ አጣበቅሁ። ጣውላው በስፋቱ መኰማተር ሲፈልግ አግዳሚው ከለከለው፤ በየካቲት መካከሉ ተሰነጠቀ። አግዳሚው በብሎን ቢታሰር፣ የብሎኑም ቀዳዳ በጣውላው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ ቢሆን ኖሮ እንጨቱ መንቀሳቀሻ ያገኝ ነበር።

በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። የሥዕሉ ገጽ በኖራ መሰል ልባጥና በቀለም ተሸፍኗል፤ ጀርባው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ጀርባው እርጥበት ስቦ ሊሰፋ ሲል የቀረው እንጨት ይይዘዋል፤ ሕዋሳቱም ይጨፈለቃሉ። ሲደርቅ ከቀድሞው ጠቦ ይቀራል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሥዕሉ ወደ ተመልካቹ ይጎብጣል። በአውሮፓ የቀድሞ ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ገበታ ጀርባውን ልገው በእንጨት ፍርግርግ ያቀኑት ነበር፤ ብዙው ተሰነጠቀ። የእኔን ስሕተት ከእኔ በፊት ሠርተውታል ማለት ነው።

አዲስ የጎበጠ ጣውላ ግን ይድናል። የጎደጎደውን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲቃና በቀጫጭን እንጨቶች ላይ አሳርፋችሁ፣ ነፋስ ከላይም ከታችም እኩል እንዲያገኘው አድርጋችሁ አድርቁት። ቫርኒሹንም በሁለቱም ገጽ እኩል ቀቡ።

ክዳኑን አልጣልሁትም፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ስንጥቁን በጣታችሁ ዳስሱት።