ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮቻችንና ስለ አዲሱ ዊንዶውስ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ገለጻ፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ይነበብ ዘንድ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ)



በዛሬው ስብሰባ ከመዋጮውና ከውሃ መውረጃው ቦይ ጉዳይ ሌላ አንድ ነገር እንድናነሣ ኮሚቴው ወስኗል። ነገሩ በየቤታችን ስላለው ኮምፒውተር ነው። «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የማኅበራችን የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮው ሒሳብ፣ የብዙዎቻችን የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የልጆቻችን የትምህርት ጽሑፍ ዛሬ ያለው በእነዚሁ ዕቃዎች ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያገባናል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ያለ አዛዥ አይሠራም። ከውስጡ ሆኖ ሁሉን የሚያዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በሰፈራችን በአብዛኞቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ይህ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ዐሥር ዓመት ያህል በየወሩ ጥገና ሲልክለት ቆይቶ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) መደበኛውን ጥገና አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ጥገናው ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ጠዋት ስንከፍተው እንደ ወትሮው ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ልዩነቱ እንደ ግቢ አጥር ነው። አጥሩ ሲቀደድ የሚጠግን ሰው ነበረ፤ አሁን የለም። ሌባ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል።

ይህን ለማስፈራራት አንልም፤ የደረሰ ነገር ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ ፋይሉን ሁሉ እየቆለፈ «ክፈሉና ልፍታላችሁ» ይል ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ ሰርዘዋል። የሚያስቆጨው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ጥገናውን ሳይጭኑ የቆዩና ጥገናው በተቋረጠበት አሮጌ ዊንዶውስ የሚሠሩ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? «አሮጌው አብቅቶለታል፣ ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚል ሻጭ በየበሩ ሞልቷል። ይህን ሰምቶ መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አስቀድሞ ያለንን ዕቃ እንወቅ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን መመርመር። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ብትከፍቱ የፕሮሰሰሩ ስም ተጽፎ ታያላችሁ። ለምሳሌ ኢንቴል ኮር አይ5 ካለ በኋላ ከሰረዙ ቀጥሎ 8250 የሚል ቁጥር ቢኖር ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 7200 ቢሆን ሰባተኛ ነው፤ 10210 ቢሆን ዐሥረኛ ነው። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበል። ከዚህ ሌላ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ይፈልጋል። ይህ ክፍል በአንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ እያለ ተዘግቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ «የለውም» ከመባሉ በፊት በባዮስ ገብቶ የሚያይ ሰው ይፈለግ። ማይክሮሶፍት ራሱ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለ ነጻ መመርመሪያ አለው፤ ያልፋል ወይም አያልፍም ብሎ ምክንያቱን ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ንብረትን ማውጣት። ባለፈው ክረምት አንዲት አባላችን ኮምፒውተራቸውን ወደ አንድ ጥገና ቤት ልከው ነበር። «አዲሱን ጭነንልዎታል» ተብሎ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ሆነ። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎች አንድም ሳይቀር ጠፉ። ሠራተኛው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ «ምን ይቀመጥልዎ?» ብሎ አልጠየቀም፣ እርሳቸውም የሚጠየቅ ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም። ያ ፎቶግራፍ በማንኛውም ገንዘብ አይገዛም።

ልብ እንበል፤ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ በነበረው ላይ ማሻሻል ሲሆን፣ ፋይሉም ፕሮግራሙም በቦታው ይቆያል። ሁለተኛው ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ስለዚህ ለባለሙያ ስንሰጥ «የትኛውን ነው የምታደርገው?» ብለን እንጠይቅ። በሁለቱም ቢሆን ፎቶግራፉና ጽሑፉ አስቀድሞ በውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ተገልብጦም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ፊደላችን። ብዙዎቻችን የቆየ ጽሑፍ የጻፍነው በፓወር ግእዝና እርሱን በመሳሰሉት ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይሆናል። «ጠፋ» ተብሎ የተጣለ ስንት ጽሑፍ አለ! አልጠፋም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ከመቀየሩ በፊት በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ክፍል የግእዝ ፎንቶቻችሁን ገልብጡ። የፕሮግራሙን መጫኛም አብራችሁ አስቀምጡ። ፒችትሪን በመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አባልም ፕሮግራሙ በአዲሱ ላይ መሥራቱን ሳያጣራ እንዳይነካካ እናሳስባለን።

አራተኛ፣ ማሻሻሉ። ምርመራውን ያለፈና ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 10፣ ወደ 11 ሲሸጋገር ክፍያ የለበትም። «ለዊንዶውሱ ክፈሉ» ከተባላችሁ የምትከፍሉት ለሠራተኛው ድካም መሆኑን እወቁ። በሥራው መካከል መብራት ቢጠፋ ጉዳት ስለሚያስከትል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ገመዱም ተሰክቶ ይሁን። አዲሱ ካልተስማማችሁ በነበረው ላይ የተሻሻለ ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ሌላው፣ መግቢያው አካውንት በቤተሰቡ ስም እንጂ በሠራተኛው ኢሜይል አይከፈት። አዲሱ ዊንዶውስ አንዳንዴ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል፤ የመክፈቻው ቁጥርም የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ነው። የቤታችን ቁልፍ በማናውቀው ሰው ኪስ አይደር።

አምስተኛ፣ ምርመራውን ያላለፉት። አይጣሉም። በዊንዶውስ 10 መቆየት ለሚፈልግ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የጥበቃ ጥገና ማይክሮሶፍት አውጥቷል። በ30 ዶላር ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት የኮምፒውተሩን ሴቲንግ በማስቀመጥ ያለ ክፍያ የሚገባበት ነው። ይህም ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለሚቀጥለው ዘመን ሊኑክስ ሚንት የተባለ ነጻ ሲስተም አለ። በ2 ጊጋባይት ራም ይሠራል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ለመጻፍ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት ይበቃል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን እንዳሉ አይሠሩበትም፤ ይህን አውቆ መግባት ነው።

እንግዲህ የማኅበራችን ነገር ይኸውላችሁ። የአባላት መዝገባችን ያለበት ኮምፒውተር አራተኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። መዝገቡም በአሮጌው ፊደል የተጻፈ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ ሐዘን የደረሰበት አባል ምን ይገባዋል የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እርሱ ቢቆለፍብን ወይም ቢደመሰስብን በለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆመን ልንጨቃጨቅ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል። መዝገቡ በሙሉ በወረቀት ታትሞ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ይመለስ፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ወደ ሊኑክስ ይዛወር፤ ለመገልበጫ የሚሆን አንድ የውጭ ዲስክ ከማኅበሩ ገንዘብ ይገዛ። አዲስ ኮምፒውተር እንግዛ የሚል አሳብም ቀርቦ ነበር፤ ያንን ገንዘብ ለቦዩ ብናውለው ይሻላል ብለን አይተነዋል። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።

ለአባላትም እንዲህ አስበናል። የአዲሱ ዊንዶውስ መጫኛ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ቢያወርድ የኢንተርኔት ፓኬጅ ማባከን ነው። አንድ ጊዜ ወርዶ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ከቤት ቤት ይዙራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ከሰፈራችን ወጣቶች ይህን የሚያውቁ ሁለት ልጆች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት ተቀምጠው ኮምፒውተር ሊመረምሩ ፈቃደኛ ሆነዋል። ክፍያ የለም። መንቀሳቀስ ለማይችሉ ታላላቆቻችን ቤታቸው ድረስ ይሄዳሉ። መመዝገብ የሚፈልግ ስሙን በዚህ ሰሌዳ ሥር በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ያስፍር።

በመጨረሻ አደራ የምንለው አንድ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ግድ የለም፤ ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ ግን «እማዬ፣ አባዬ፣ ፎቶግራፉ ሌላ ቦታ ተገልብጧል ወይ?» ብለው ልጆቻችሁ ከመጠየቃቸው በፊት እናንተ ጠይቋቸው።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት