ጀልባም እንደ ሞፈር ጠባቂ ይሻል
(በሲሪንቃ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት «ጀ» የምትለውን ፊደል ስንማር ሰሌዳው ላይ «ጀልባ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁላችሁም አነበባችሁት። ከዚያ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ ቃሉንስ አነበብነው። ነገሩ ግን ከምን ይሠራል? ሲሰበርስ እንደ ሞፈር ይጠገናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ለት መሽቶ ነበርና አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ልመልስ።

ሲሪንቃ ላይ ሐይቅ የለም። ነገር ግን በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው፣ ደሴ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሐይቅን ውሃ ያያል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣም በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ተጨምሮ ተራባ። ስለዚህ የጀልባ ነገር ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። የጣና ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚቀዝፈው ታንኳ ነው። ታንኳ ደንገል ከሚባል የውሃ ዳር ተክል ይታሰራል። በዚህ ሙያ በተለይ ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። ታንኳ ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይሠራል። ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ይተካል። በ1978 ዓ.ም. ግድም በመንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ ረጂዎች ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አጥማጆች መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ አጥማጁ ርቆ መሄድ ቻለ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። የአጎቴ ጀልባ የተሠራችው ፋይበርግላስ ከሚባል ነገር ነው። ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ጭቃ ብቻውን ቢለሰን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጤፍ ጭድ ሲገባበት ግን ጭዱ ጭቃውን ሰብስቦ ይይዘዋል። ፋይበርግላስም እንዲሁ ነው። ጭዱ እንደ ጸጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው። ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባል እንደ ማር የሚዝረጠረጥ ፈሳሽ ነው። ሬዚኑ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ነገሩ አይዝግም፤ ምስጥም አይበላውም። ታዲያ ብዙ ሰው «የማይበላሽ ነው» ይላል። እኛንም ያታለለን ይኸው ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጎቴ አንዲት ያገለገለች ጀልባ ገዛ። ነጭ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ለ2 ወር ደኅና ሠራች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴና 2 ባልደረቦቹ መረብ ጭነው ሲመለሱ ነፋስ ተነሣባቸው። ሞተሩን በኃይል ሲነዱት ከኋላ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ የተሰቀለበት የጀርባ ግድግዳ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ውሃው በዚያ ገባ። ከ3ቱ ሰዎች አንዱ ዋና አይችልም ነበር። ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ እነሱ ጠርዟን ይዘው ሲንቀጠቀጡ፣ 2 ሰዎች በደንገል ታንኳ ቀዝፈው ደረሱላቸው። እኛ «ኋላ ቀር» የምንላት ታንኳ ባለሞተሮቹን አዳነች። መረቡ ግን ሰጠመ። የመረቡ ዕዳ ገና አልተከፈለም ነበር።

ጀልባዋን ጎትተን ካወጣን በኋላ ምክንያቱን አየን። የጀርባው ግድግዳ ውስጡ እንጨት ነው፤ ፋይበርግላሱ በሁለት በኩል ያለብሰዋል። ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች ቀዳዳ በደንብ አልተደፈነም ኖሮ፣ ውሃ በዚያ ሲሰርግ ዓመታት አልፈዋል። እንጨቱ በስብሶ እንደ እርጥብ ጤፍ በእጅ ይታፈስ ነበር። የቀደመው ባለቤት ከመጠገን ይልቅ ቀለም ቀብቶበታል። ቀለም ዓይንን ይሸነግላል እንጂ ውሃ አያቆምም።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ? አዎን። እናቶቼ፣ ገበያ ማሰሮ ስትገዙ በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጋችሁ ትሰሙ የለም እንዴ? ጀልባም እንዲሁ ነው። በመዶሻ እጀታ ሲመታ ደኅናው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው «ዱብ» ይላል። አጎቴ አንድ ጊዜ መትቶ ቢሰማ ኖሮ ያን ዕዳ አይገባም ነበር።

ጥገናው እንዲህ ነበር። ጀልባዋን ግንድ ላይ አውጥተን ዳስ ሠራንላትና በበጋው ለሳምንታት አደረቅናት። እርጥብ ነገር ላይ ሬዚን አይዝም። ከዚያ የውስጡን ልባስ ቆርጠን የበሰበሰውን እንጨት በመሮ ፈልፍለን አወጣን። ደኅና ኮምፔርሳቶ በልኩ ቆርጠን በሬዚን አጣበቅን። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተዳፋት አድርገን አሳሳነው፤ ግድግዳው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢወፍር ዙሪያውን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ማሳሳት ይገባል። በላዩ የብርጭቆውን ጨርቅ ሬዚን እያጠጣን ደራርበን አለበስነው። በመካከሉ አየር እንዳይቀር በብሩሽ መጫን ያስፈልጋል። አየር የቀረበት ቦታ ኋላ ውሃ ይገባበታል።

አንድ ጥፋት የራሴ ነው። የመጀመሪያውን ሬዚን ያቦካሁት በዓይን ግምት ነው። ማጠንከሪያው በዛና ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ ጋለ፤ ጨሰ፤ ደረቀ። ገንዘባችን ተቃጠለ። ጣሳው ላይ መጠኑ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ማንበብ እየቻልኩ አላነበብኩም። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ይበቃ ነበር። ሁለተኛውን በስሪንጅ ለካሁ፤ ሰመረ።

ከአደጋውም መጠንቀቅ ይገባል። የፋይበርግላስ አቧራ ቆዳን ያሳክካል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ደጅ መሥራት ነው። ሬዚን በእሳት ይያያዛል፤ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም። ማጠንከሪያው ዓይን ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ሞተሩም ጠባቂ ይሻል። እንደ አጎቴ ያለው አሮጌ ሞተር ዘይት የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። የእሱ ልክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። ሌላው ሞተር ሌላ ልክ አለውና መጽሐፉን ማየት ነው። ዘይት ካነሰ ሞተሩ ይነክሳል፤ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ሞተሩ ሲሠራ በጎኑ ውሃ ካልተፋ ማቀዝቀዣው ተደፍኗልና ወዲያው ማጥፋት ነው። የታችኛው ማርሽ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከ10 እጅ ጉልበቱ ወደ 2 እጅ የሚጠጋውን ያጣል። ጭነት አብዝቶ ሞተር ማስጨነቅ የሚጎዳው ለዚህ ጭምር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ መጥቷል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ በእጅ መፍታት ነው እንጂ በግድ መንዳት ማርሹን ይሰብራል።

ዛሬ አጎቴ አንድ ደብተር አለው። ብሎኖቹን ያጠበቀበትን ቀን፣ የማርሽ ዘይት የለወጠበትን ቀን፣ የቀዳውን ቤንዚን ሁሉ ይጽፍበታል። እሱም እንደ እናንተ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ ነው። ጽሑፉ ያማረ አይደለም፤ ግን «መቼ ነበር?» ብሎ ሲጠራጠር ደብተሩ ይነግረዋል።

አባቴ፣ እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። ጀልባ እንደ ሞፈር ይጠገናል። ሞፈር የተሰነጠቀ ለት ግን ገበሬው እርሻው ላይ ይቆማል፤ ጀልባ የተሰነጠቀ ለት መቆሚያ የለም። እናንተም የውሃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ በጋራ ስትይዙ ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ክፈቱ። የመጀመሪያውን መስመር ማን እንደሚጽፍ አሁኑኑ ተነጋገሩበት።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች
1. የጀልባዋ እንጨት በቀለም ሥር የበሰበሰው በምን ምክንያት ነው?
2. ተናጋሪው የመጀመሪያውን ሬዚን ያበላሸው ምን ሳያደርግ ቀርቶ ነው?
3. በቤታችሁ ወይም በቀበሌያችሁ «የማይበላሽ ነው» ተብሎ የተተወ ዕቃ አለ? መቼ ታየ? በደብተራችሁ ጻፉ።