ከየምርቱ ለዕዳችን መክፈያ እናስቀምጥ

(በሠፈር ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ንብረት አስይዞ ስለመበደር ነው። መበደር ነውር አይደለም፤ ሱቅ ለመክፈትም ሆነ ቡና ለመነገድ ብዙዎቻችን ተበድረናል። ነገር ግን የፈረምነው ውል ምን እንደሚል ስንቶቻችን አንብበነዋል?

በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት፣ ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ተበዳሪ በውሉ ተስማምቶ በቀኑ ካልከፈለ፣ ባንኩ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በአዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብል ሳይቀር በመያዣነት ይመዘገባል። እስቲ እናስበው፤ በሚያዝያ የደረሰን ማስጠንቀቂያ በጥቅምት የሚለቀመውን ቡና ይጠብቃል እንዴ?

በቦንጋና በአካባቢዋ ገንዘብ የሚገባው በወር በወር ሳይሆን ቡና ሲለቀም፣ ማር ሲቆረጥ ነው። የዕዳው ቀን ግን ወቅት አይመርጥም። ስለዚህ የዕዳ መክፈያ ተቀማጭ ማቋቋም ይገባል። ይኸውም ቀኑ ሳይደርስ ከየምርቱ ለዋናው ዕዳ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ለምሳሌ ከ3 ዓመት በኋላ ዋናው በአንድ ጊዜ የሚከፈል 90,000 ብር ተበድረናል እንበል። ወለዱን በየዓመቱ ከመክፈል ሌላ፣ በየዓመቱ መጨረሻ 28,000 ብር ብናስቀምጥና ተቀማጩ 7 በመቶ የተጣራ ወለድ ቢያስገኝ፣ በ2ኛው ዓመት 57,960፣ በ3ኛው ዓመት 90,017 ብር ይሆናል። ከኪሳችን የወጣው 84,000 ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዕዳም ለአንድ ቀን ሲሆን ይከብዳል፣ ለሦስት ምርት ሲከፋፈል ይቀላል።

አንዳንዶቻችን «ዕቁብ አለን» እንል ይሆናል። ዕቁብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣልን አይታወቅም፣ የባንኩ ቀን ግን የታወቀ ነው። የተቀመጠውን መንካትም ሌላ አደጋ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እንኳ በ1717 እ.ኤ.አ. ለዕዳው መክፈያ እንዲህ ያለ ተቀማጭ አቋቁሞ ነበር፤ ኋላ ግን ገንዘቡ ለሌላ ወጪ እየተወሰደ ዕዳው ሳይቃለል ቀረ። በእኛም ቤት ሠርግና ተዝካር ሲመጣ እጃችን ወደዚያው ይዘረጋል እኮ!

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

1ኛ/ የመክፈያውን ቀንና መጠን ጽፈን የቤተ ሰቡ ሁሉ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ እንለጥፍ።

2ኛ/ ተቀማጩን በባልና ሚስት ጣምራ ፊርማ ብቻ በሚወጣ ሒሳብ እናስቀምጥ።

3ኛ/ ዋናውን ከቀኑ በፊት ያለ ቅጣት መክፈል የሚፈቀድ ከሆነ ባንኩን እንጠይቅ። የብድሩ ወለድ ከተቀማጩ ወለድ ስለሚበልጥ፣ ከተፈቀደ ገንዘቡን ከማስቀመጥ ወዲያው ዕዳውን መቀነስ ይሻላል።

4ኛ/ ምርት ከከፋብን ቀኑ ሳያልፍ ወደ ባንኩ ሄደን የጊዜ ማራዘሚያ እንጠይቅ እንጂ አንደበቅ።

ቤታችንን አስይዘን የተበደርነው ኑሯችንን ለማሻሻል እንጂ ልጆቻችንን ሜዳ ላይ ለመጣል አይደለም።