የወገብ መርፌ ፋታ እንጂ ፈውስ አይደለም
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጤና ንኡስ ኮሚቴ የተሰጠ ንግግር



የወገብ ሕመም ያልገባበት ቤት በሰፈራችን የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ውኃ በጀሪካን የምትሸከመውና አጎንብሳ ልብስ የምታጥበው እናት፣ ሲሚንቶ የሚያነሣው የቀን ሠራተኛ፣ መሪ ይዞ የሚውለው ሾፌር፣ ሁሉም ጧት የሚነሣው ወገቡን ይዞ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው።

ታዲያ «አከርካሪ ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፤ አንዴ ከተወጉት ሕመሙን ከሥሩ ይነቅለዋል» የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ለዚሁ ሲል ዕቁቡ ቀድሞ እንዲሰጠው የሚለምን፣ ብድር የሚጠይቅም አልታጣም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን አብረን ብንመረምረው ይበጀናል።

መርፌው ምንድነው? በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ የሚያገለግል ነገር አለ። ይህ ዲስክ ከቦታው ሲወጣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል፤ ነርቩም ይቆጣል፣ ያብጣል። ሕመሙ ከዳሌ ተነሥቶ በጭንና በባት በኩል እስከ እግር ጣት ድረስ እንደ እሳት የሚወርደው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ስቴሮይድ የተባለውን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር፣ ነርቮቹን ከሸፈነው ስስ ልባስ ውጪ ባለው ክፍተት ውስጥ ይጨምረዋል። ሥራው በራጅ እየታየ ቢሠራ መርፌው ትክክለኛው ቦታ መድረሱ ይረጋገጣል። አብዛኛው ታካሚም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን መርፌ ከሌሎች ጋር አናምታታው። በየክሊኒኩ መቀመጫ ላይ የምንወጋው የሕመም ማስታገሻ ሌላ ነው፤ እናቶች በቀዶ ጥገና ሲወልዱ ወገባቸው ላይ የሚወጉት ማደንዘዣም ሌላ ነው። ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም፤ ሁለት የኢጣሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 የሞከሩት ነው።

ይጠቅማል ወይ? እውነቱን እንነጋገር። ወደ እግር የሚወርድ ከባድ የነርቭ ሕመም ላለበት ሰው ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ወራት ፋታ ሊሰጠው ይችላል። ፋታው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ የእግር ሕመሙን ከ0 እስከ 100 ብንለካው መርፌው ከባዶ መርፌ ይልቅ የሚቀንሰው በአማካይ 5 ነጥብ ያህል ነው። ወደ እግር ለማይወርድ፣ ወገብ ላይ ብቻ ለሚቆይ ሕመም ደግሞ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2016 ጀምሮ መርፌው እንዳይሰጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአንድ የታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ መመሪያም፣ ከ3 ወር በላይ ለቆየ ከካንሰር ውጪ ለሆነ የአከርካሪ ሕመም መርፌው እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል። በዚህ የማይስማሙ ሐኪሞችም አሉ። የወጣውን ዲስክ መርፌው ወደ ቦታው ይመልሰዋል የሚል ግን አንድም የለም።

ጉዳት አለው ወይ? ከባድ ጉዳት እምብዛም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሽባነትና የዓይን መጥፋት ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በ2012 በዚያው አገር በተበከለ መድኃኒት ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ታመው ከ60 በላይ ሞተዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ንጽሕናና የወጊው ሙያ ዋነኛ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ መርፌው የታዘዘለት ነዋሪ ሁሉ የሚከተለውን ለሐኪሙ ይንገር፤ ይጠይቅም።

1ኛ. የስኳር በሽታ ካለበት ይናገር፤ መርፌው ለቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

2ኛ. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይናገር፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ።

3ኛ. ማታ ማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለበት ሳይደብቅ ይናገር። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ በሽታ አከርካሪንም ይይዛል፤ ስቴሮይድ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

4ኛ. «ሕመሜ ከነርቭ ነው ወይስ ከጡንቻ? በራጅ እየታየ ነው የሚሠራው? ባይሻለኝስ ቀጥሎ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። እግር ከዛለ፣ ሽንት አልመጣ ወይም አልቆም ካለ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ መርፌም ዕቁብም ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ቢመጣም እንዲሁ።

ለሌላው ግን ተስፋ አለ። ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ለብዙ ሰው ያለ መርፌም ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይቀልለታል። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ወገብን ያደክማል እንጂ አያድንም። በሚቻለን መጠን እንራመድ፤ የወገብና የሆድ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከባለሙያ እንማር። ዕቃ ስናነሣ ጉልበታችንን እንጠፍ፤ ጀሪካኑንም ከሁለት ከፍለን እንሸከም። መርፌውን የተወጋም ቢሆን ፋታውን ለዚሁ ይጠቀምበት፤ ተሻለኝ ብሎ በማግሥቱ ኩንታል አይሸከም።

በየቤቱም እንረዳዳ። ወገቡን የታመመ ጎረቤት ሲኖር ውኃውን የሚቀዳለት ልጅ መላክ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ አብሮት የሚሄድና የሚጠይቅለት ሰው መስጠት፣ ከወሬ የሚሻል እርዳታ ነው።