አኪ፦ የጃማይካ ቁርስና የእንግዳው ትዕግሥት



በጃማይካ ተቀምጦ የሚሠራ እንግዳ ከአገሩ ምግብ ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በቁርስ ሰዓት ነው፤ አኪ ከጨው ዓሣ ጋር በሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቶ ይቀርብለታል። መልኩ የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬ ነው። ዛፉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ሲሆን፣ የጨው ዓሣው ከሰሜን አትላንቲክ እየተጫነ በባርነት ለተያዙት ይታደል የነበረ ርካሽ ቀለብ ነው። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ሳህን የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ሆነዋል።

እንግዳው ከጣዕሙ ቀጥሎ የሚማረው መጠበቅን ነው። ፍሬው ቀልቶ በዛፉ ላይ እንዳለ ራሱ እስኪከፈት አይቀጠፍም፤ ያልበሰለው ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ አለበትና። መርዙ ሰውነት ስብን ወደ ኃይል እንዳይለውጥ ያግዳል፤ የደም ስኳር ያሽቆለቁላል፤ ትውከት፣ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፣ ሞት ይከተላል። ስለዚህ አብሳይዋ ጥቁሩን ዘርና ቀዩን ስስ ሽፋን አውጥታ፣ ቢጫውን ሥጋ ቀቅላ፣ ውኃውን ትደፋለች። (ጓያም ተዘፍዝፎ ውኃው ሲደፋ መርዙ እንደሚቀንስ እዚህ ያለ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።) ዩናይትድ ስቴትስ በ1973 እ.ኤ.አ. አኪ እንዳይገባ ከልክላ፣ በቆርቆሮ የታሸገውን በቁጥጥር የፈቀደችው በ2000 ነው። በጃማይካ ጓሮ ግን ተቆጣጣሪው የባለቤቱ ዓይን ነው። የቸኮለ እንግዳ የተዘጋውን ፍሬ በእጁ ፈልቅቆ ቢያበስል፣ ማፍላቱ ብቻውን አያድነውም።