የባለቤቱ ባለቤት ማን ነው?
ኢ.ደብልዩ.ኤስ. የተባለው የእንግሊዝ የጭነት ባቡር ኩባንያ እንዴት ተነሣ፣ ለማንስ ተሸጠ

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ባቡር ተናገር ሲለኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ለገሃር የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። የማወራላችሁ ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ ስላልሰማችሁት አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ምክንያቴን ልናገር። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የያኔው ገዥ ግንባር ባቡርን ጨምሮ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በሙሉ ወይም በከፊል ወደ ግል እንዲዛወሩ ከወሰነ ወዲህ፣ እንደኛ ያለ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ክርክሩ አንድ ነው። አንዱ «ይሸጥ፣ የግል ባለሀብት ከገባ ሁሉም ይስተካከላል» ይላል። ሌላው «የአገር ሀብት እንዴት ይሸጣል?» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የእንግሊዝን ባቡር ምስክር አድርጎ ይጠራል። እንግዲህ ምስክሩ ራሱ ቀርቦ ምን እንደሚል እንስማ ብዬ ነው። ከእንግዲህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የእንግሊዝ የጭነት ባቡር እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብሪቲሽ ሬይል በተባለው የመንግሥት ድርጅት ሥር ነበር። ይጭን የነበረው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል፣ ብረትና ጠጠር ነው። ኮንቴይነርና ፖስታም ነበረ። ግን ንግዱ ከዓመት ዓመት ለጭነት መኪና እየተሸነፈ ነበር። ሎኮሞቲቮቹም ቢሆኑ አንዳንዶቹ አዲስ፣ ብዙዎቹ ግን በ1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው። መንግሥት ድርጅቱን ወደ ግል ለማዛወር ሲነሣ፣ ሐዲዱን ለአንድ ኩባንያ፣ የመንገደኛውን አገልግሎት ለሌሎች ሰጠ። የከባድ ጭነቱን ክፍል ደግሞ በ1994 ዓመተ ምሕረት በአካባቢ ከፍሎ ሦስት ኩባንያ አደረገው፤ ሜይንላይን፣ ሎድሆልና ትራንስሬይል ተባሉ። ሐሳቡ እርስ በርሳቸው እንዲወዳደሩ ነበር። ለሦስቱም ስም ወጣላቸው፣ ሎኮሞቲቮቹም በየቀለማቸው ተቀቡ።

ከዚያስ? ከዚያማ በ1996 የካቲት ወር ሦስቱም ለአንድ ገዢ ተሸጡ። በ225 ሚሊዮን ፓውንድ። ይወዳደራሉ የተባሉት ሦስቱ እንደገና አንድ ሆኑ፤ በቀለም የወጣው ወጪ ብቻ ቀረ። እኔ የእንግሊዝን መንግሥት የምወቅሰው በመሸጡ አይደለም፣ በዚህ ነው። ውድድር አመጣለሁ ብሎ የነደፈውን እቅድ፣ ጨረታው ላይ ሲደርስ ራሱ ተወው።

ገዢው በአሜሪካዊው ኤድ በርክሃርት የሚመራ የባለሀብቶች ስብስብ ነበር። ዋናው ባለድርሻ ዊስኮንሲን ሴንትራል የሚባል የአሜሪካ ባቡር ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ1987 ሲቋቋም የያዘው አንድ ትልቅ ድርጅት አያዋጣኝም ያለውን መስመር ነበር። በርክሃርትና ባልደረቦቹ ቀደም ብለው በ1993 የኒውዚላንድን ባቡርም ገዝተው ነበር። ሰዎቹ ሌላው የተወውን መስመር አንሥቶ ማንቀሳቀስ ሥራቸው አድርገው ይዘውታል። ከሦስቱ ኩባንያዎች በፊት የፖስታ ባቡሩን ገዝተው ነበር። በ1997 ደግሞ በባሕር ሥር በሚያልፈው ዋሻ ከአውሮፓ ጋር የሚገናኘውን የጭነት ክፍል ጨመሩ። ይህኛው ይከስር ስለነበር መንግሥት የሸጠው ገንዘብ ተቀብሎ ሳይሆን ራሱ ገንዘብ ጨምሮ ነው። አዲሱ ኩባንያ ኢንግሊሽ ዌልሽ ኤንድ ስኮቲሽ ሬልዌይ ተባለ፤ በአጭሩ ኢ.ደብልዩ.ኤስ.። ሎኮሞቲቮቹ ጠቆር ያለ ቀይና የወርቅ ቀለም ተቀቡ፤ ቀለሙ የመጣው ከዊስኮንሲን ነው። ዓርማው ላይ ሦስት እንስሳት አሉ፤ አንበሳው እንግሊዝን፣ ድራጎኑ ዌልስን፣ ባለቀንዱ አጋዘን ስኮትላንድን ይወክላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዉ ሁሉ የጭነት ባቡር ሊሞት ነው ሲል፣ በርክሃርት ያደረገው ምንድን ነው? በገዛበት ዓመት 250 አዲስ ሎኮሞቲቭ አዘዘ። ሁለት መቶ ሃምሳ! ዋጋቸው ድርጅቱ ራሱ ከተገዛበት ዋጋ አይተናነስም። ያዘዘው ከጄኔራል ሞተርስ ነው፤ የተሠሩትም ለንደን ከተማ ነው። የእንግሊዟ ለንደን እንዳይመስላችሁ፣ ካናዳ ውስጥ ያለችው ለንደን ናት። የመጀመሪያዎቹ በ1998 በመርከብ ደረሱ። ክላስ 66 ይባላሉ። የእንግሊዝ ባቡር ወዳጆች ግን በጣራቸው ቅርጽ የተነሣ «ሼድ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ሼድ እኛም ጋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ሆኗልና ማስተርጎም አላስፈለገኝም። መልካቸው አያምርም፣ ለነጂውም ጩኸታቸው አይቻልም ይባላል። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይሆናል፤ አንዱን መጠገን የሚችል መካኒክ ሁሉንም ይጠግናል፤ አንዱን የሠለጠነ ነጂም ሁሉንም ይነዳል። ቀድሞ በየዓይነቱ የተከማቸ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ሲሠራ፣ ግማሹ ሥራ ላይ ግማሹ ጋራዥ ነበር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የነበራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ጭነቱ ተመለሰ ወይ? ተመለሰ። በ1994/95 በጀት ዓመት በእንግሊዝ ሐዲድ ላይ የተጓጓዘው 13 ቢሊዮን ቶን ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ ቶን ኪሎ ሜትር ይባላል። በ2006/07 ወደ 22 ቢሊዮን ተጠግቷል። ይህ የኢ.ደብልዩ.ኤስ. ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ኩባንያዎች ድምር ነው። እዚህ ላይ «ይሸጥ» የምትሉት ወገኖች ማጨብጨብ ትችላላችሁ። ግን ቶሎ አታጨብጭቡ።

አንደኛ፣ ሐዲዱ የእነሱ አልነበረም። የጭነት ባቡሮች ለሐዲዱ የሚከፍሉት በዋነኛነት ባቡሩ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ድካም ያህል ነው። ሐዲዱን ሠርቶና አድሶ የማቆየቱ ትልቁ ወጪ የወደቀው በሌላ ላይ፣ ዞሮ ዞሮ በግብር ከፋዩ ላይ ነው። የሐዲዱ ባለቤት የነበረው የግል ኩባንያ በ2000 ከደረሰው የሃትፊልድ አደጋ በኋላ ማገገም አቅቶት በ2001 በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ እጅ ገባ። በቦታው ትርፍ የማያከፋፍል ድርጅት ተተካ። ስለዚህ «የግል የጭነት ባቡር አተረፈ» ሲባል፣ በማን ሐዲድ ላይ እየሄደ ነው ያተረፈው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው። የፖስታውን ነገር ልንገራችሁ። ኢ.ደብልዩ.ኤስ. ለፖስታ ባቡር ብሎ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ 30 ሎኮሞቲቮች አሠራ። ክላስ 67 ይባላሉ፣ የተገጣጠሙት ስፔን ቫሌንሲያ ነው። በ1999 እና 2000 መጡ። በ2003 የፖስታ ድርጅቱ ውሉን አቋረጠ፤ በ2004 ጥር ደብዳቤ እየተደረደረበት የሚሄደው የመጨረሻው ባቡር ሄደ። ሠላሳው የተሠሩለትን ሥራ አጡ፣ ቀስ በቀስ ሌላ ሥራ ተፈለገላቸው። በእንግሊዝ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ደብዳቤ መደርደር የተጀመረው በ1838 ነበር። ያን ያህል ዘመን የቆየ ሥራ በአንድ ደንበኛ ውሳኔ በወራት ውስጥ አለቀ።

ሦስተኛ፣ ውድድሩ። መንግሥት በጨረታው ያልፈጠረውን ውድድር በኋላ አዳዲሶቹ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ኮንቴይነር ብቻ ይጭን የነበረው ፍሬይትላይነር ከሰል ጀመረ፣ ጂቢ ሬይልፍሬይት የሚባልም ተቋቋመ። የገዙትም ሎኮሞቲቭ ያንኑ ክላስ 66ን ነው! በርክሃርት የከፈተውን መንገድ ተፎካካሪዎቹ ሄዱበት። ኢ.ደብልዩ.ኤስ. ከኃይል ማመንጫዎች ጋር የነበረውን የከሰል ውል ሌላው እንዳይገባበት አድርጎ ይዟል ተብሎ ተከሰሰ። በ2006 የባቡር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በገበያ የበላይነቱ አላግባብ ተጠቅሟል ብሎ 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ከከሳሾቹ አንዱ የኤንሮን የከሰል ኩባንያ ነበር። አዎ፣ ያ ኤንሮን። የአካውንቲንግ ሰዎች ስትስቁ አያለሁ።

አሁን ወደ ርእሴ መጣሁ። በርክሃርት በ1999 ከዊስኮንሲን ሴንትራል ተሰናበተ። በ2001 ደግሞ ዊስኮንሲን ሴንትራል ራሱ ለካናዲያን ናሽናል ተሸጠ። ካናዲያን ናሽናል ዊስኮንሲንን የፈለገው ለአሜሪካው መስመሩ ነው። በዚያው ግዢ ግን ከ40 በመቶ በላይ የሆነ የኢ.ደብልዩ.ኤስ. ድርሻ አብሮ እጁ ገባ። አስቡት እስቲ፤ እንግሊዝ ውስጥ ማንም ምንም ሳይወስን፣ ጨረታ ሳይወጣ፣ የአገሪቱ ትልቁ የጭነት ባቡር ዋነኛ ባለድርሻ ተቀየረ። ለንደን የፈረመችው ከበርክሃርት ጋር ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጎራበተች። ካናዲያን ናሽናል ራሱ እስከ 1995 ድረስ የካናዳ መንግሥት ንብረት እንደነበር ልጨምርላችሁ።

አዲሱ ባለድርሻ የባሕር ማዶውን ድርሻ ለዘላለም ይዞ የሚቆይበት ምክንያት አልነበረውም። ኩባንያው ግን በዚያን ጊዜ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት የጭነት ባቡርን ገበያ ደረጃ በደረጃ እየከፈተ ነበር፤ በ2007 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ኢ.ደብልዩ.ኤስ. በ2005 ዩሮ ካርጎ ሬይል የሚባል ልጅ ኩባንያ ፈረንሳይ ውስጥ አቋቋመና በፈረንሳይ መንግሥት ባቡር ደጅ ላይ መወዳደር ጀመረ። ከዋሻው ጭነት የጠበቁት አልተገኘም ነበር። በ1998 በዋሻው በባቡር ያለፈው ጭነት ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ በ2007 ወደ 1.2 ሚሊዮን ወርዷል። ስለዚህ በዋሻው ተሻግሮ የሚመጣውን ከመጠበቅ፣ ተሻግሮ እዚያው መሥራት ይሻላል አሉ።

በ2007 ሰኔ ዶይቸ ባን ኩባንያውን እንደሚገዛ ተነገረ፤ በኅዳር ግዢው ተፈጸመ። ዋጋው 309 ሚሊዮን ፓውንድ። እባካችሁ 309 ሲቀነስ 225 ብላችሁ «84 ሚሊዮን ትርፍ» እንዳትጽፉ! በመካከሉ የተጨመሩ ድርጅቶች አሉ፣ የሎኮሞቲቩ ወጪ አለ፣ ዕዳ አለ፣ የ11 ዓመት የገንዘብ ዋጋ መውረድ አለ። ከዋጋው ይልቅ ገዢው ምን ገዛ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ሐዲድ አልገዛም። የገዛው ውል፣ ነጂ፣ ሎኮሞቲቭና የፈረንሳይ ፈቃድ ነው። ከፖላንድ ድንበር እስከ ስኮትላንድ ጭነት መያዝ ለሚፈልግ ኩባንያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም የፈራው ስለ እንግሊዝ ሳይሆን ስለ ፈረንሳይ ነበር። ጀርመኖቹ ትንሿን ተፎካካሪ ገዝተው ዝም እንዳያሰኟት፣ በፈረንሳይ የታሰበው መስፋፋት እንዲቀጥል ቃል አስገብቶ ነው የፈቀደው። የኮሚሽኑ ሰዎች ከለንደኑ ሻጭ ይልቅ አርቀው አስበዋል እላለሁ።

ዶይቸ ባን ማን ነው? መቶ በመቶ የጀርመን ፌደራል መንግሥት ንብረት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት «መንግሥት ነጋዴ መሆን የለበትም» ብሎ የሸጠው የጭነት ባቡር፣ በ11 ዓመቱ የሌላ መንግሥት ሆነ። «ይሸጥ» ለምትሉት ይህን አስታውሱ። «አይሸጥ» ለምትሉት ደግሞ፣ 250ዎቹን ሎኮሞቲቮች ብሪቲሽ ሬይል ያዛቸው ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

የኋላውን በአጭሩ ልጨርስ። ስሙ በ2009፣ እንደገናም በ2016 ተቀየረ፤ አሁን ዲቢ ካርጎ ይባላል። በ2015 ሚያዝያ የእንግሊዝ መንግሥት በካርቦን ላይ የሚያስከፍለውን ከፍ ሲያደርግ የከሰሉ ጭነት ወደቀ። በ2016 ኩባንያው 893 የሥራ መደቦችን ለመቀነስ ማሰቡን አስታወቀ። የመጨረሻው የከሰል ኃይል ማመንጫ፣ ራትክሊፍ፣ በ2024 መስከረም መጨረሻ ተዘጋ። ለዚያ ማመንጫ የመጨረሻውን የከሰል ባቡር በሰኔ ወር የወሰደው ዲቢ ካርጎ አልነበረም። ያ ከምንም ተነሥቶ የተቋቋመው ጂቢ ሬይልፍሬይት ነው የወሰደው።

ዛሬ እኛ ጋ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሁለት መንግሥታት ንብረት ነው። ድርሻው፣ ሐዲዱ ወይም ማንቀሳቀሱ ለሌላ ይሰጥ የሚል ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ የሚመጣ ሰዎች ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ አንዳንዶቻችሁን በስም አውቃለሁ። ያን ቀን ገዢው ማን ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ በዚያ አልጠራጠርም። ገዢው ራሱ ሲሸጥስ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ መኖሩን ግን ገልብጣችሁ እዩልኝ።

ከሽያጩ በኋላ ብዙዎቹ ሎኮሞቲቮች ለረጅም ዓመታት ቀለማቸው አልተቀየረም። ያንኑ የዊስኮንሲን ቀይና ወርቅ እንደለበሱ፣ ጎናቸው ላይ የጀርመኑን ምልክት ለጥፈው ይሠሩ ነበር።

ሰዓቱ እንዳለፈብኝ ሊቀመንበሩ እያመለከቱኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ሻይ ላይ አገኛችኋለሁ።